ከዐወድ ቤት የመጣው ልቃቂት

ብኸይታ መጸየፍን ከእናቷ ሆድ ይዛው ወጥታለች ይባል ነበር። ዝንብ ያረፈበትን ገንፎ ትደፋለች። ሰው የጠጣበትን ቅል በአሸዋ ሳትፈትግ ውሃ አትጠጣበትም። ጉንፋን የያዘው ሰው ሰላም ሲላት እጇን በልብሷ ጫፍ ጠቅልላ ነው የምትዘረጋው። ከአሶሳ አለፍ ብሎ፣ ከቀርከሃው ጫካ ሥር ባለችው መንደራቸው ሰው ሁሉ "ብኸይታ ኤጭ" ይላት ነበር፤ ከአፏ ከሚወጣው ቃል ግማሹ "ኤጭ!" ነበራ። ቅጽል ስሟን ስትሰማ ደግሞ ምን ትላለች መሰላችሁ? "ኤጭ! ይሄም ስም ሆኖ!" መንደሩ ይስቃል፣ እሷ አትስቅም።

ይሁን እንጂ እጅ ነበራት። እጅ ስላችሁ የኔና የናንተ ዓይነቱን ማለቴ አይደለም። ልጅ ሳለች አባቷ ማር ጭኖ ወደ ሱዳኗ ከተማ ወደ ሩሴሪስ ሲወርድ ይዟት ይሄድ ነበርና፣ እዚያ አንዲት የቱርክ ወታደር ሚስት ጫፉ የተቆለመመ የነሐስ ወስፌ ሰጥታ ክር መሥራት አስተማረቻት። ዛሬ እናንተ ኪሮሽ የምትሉት እሱው ነው፤ ሥራውንም ዳንቴል ትሉታላችሁ። ያኔ ግን ስም አልነበረውም፣ "የብኸይታ ሥራ" ነበር የሚባለው። ከእሷ የመንደሩ እናቶች ተማሩ። ከአጥንት፣ ከቀንድ፣ ከተገኘው ነገር ቆልማማ ወስፌ እየጠረቡ ተቀመጡ። እንደሷ የሆነች ግን አንዲትም የለች።

ከሥራዎቿ ሁሉ ሰው የሚሻማው በዒድ ጨረቃዋ ነበር። መዳፍ የምታህል የክር ጨረቃ ናት፤ ሆዷ ሞላ ያለ፣ ሁለቱ ቀንዶቿ ቀጭን። ተሠርታ ስታልቅ በሙጫ ውሃ ትነከርና በታጠፈ የቀርከሃ ስንጥር ላይ ተወጥራ ጥላ ውስጥ ትደርቃለች። ከታችኛው ቀንዷ ዘርፍና አንዲት ዛጎል ይንጠለጠሉባታል። ረመዳን ሊያልቅ ሲል ከቤቱ ጉበን ላይ ትሰቀላለች፣ የዒድ እንግዳም በሥሯ ጎንበስ ብሎ ይገባል። የብኸይታ ጨረቃ ያልተሰቀለበት ቤት ዒድ የገባለት አይመስልም ነበር።

ቆቡ ግን ሌላ ነገር አለው። ጣቂያ የሚሉትን ነጭ የክር ቆብ እያንዳንዷ እናት ለልጇ ራሷ ናት የምትሠራለት። ልጁ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ከሆነ እናቱ ከራሷ አንድ ፀጉር ትነቅላለች፤ ከክሩ ጋር ትገምደዋለች፤ በሰም አሽታ የቆቡን አናት፣ የመጀመሪያዋን ቀለበት፣ በእሱ ትጀምራለች። ልጁ የትም ይሁን የት የእናቱ ፀጉር አናቱ ላይ ነው፤ ራሱ ቤቱን አይረሳም ማለት ነው። ይህን ወንዶች አያውቁም። የቁርኣን አስተማሪው ሽማግሌ ፈቂ ባቢከር ቢሰሙ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሽርክ፣ ምን የሚሉት ባዕድ አምልኮ ነው!" ብለው አገር ይያዝልኝ ይሉ ነበርና፣ ከእናት ወደ እናት በጆሮ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ያልወለደች ሴት እንኳ አይነገራትም፤ ሆዷ እንዳይባባ ነው መሰለኝ።

ብኸይታ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ባሏን ወባ ገና በጠዋቱ ወስዶባታል። ልጁ ኻሚስ ይባላል። ራሱ ትልቅ ነው፣ ያውም በግራ በኩል ወጣ ያለ፤ ጓደኞቹ "ዱባው" እያሉ ያበሽቁታል። የሌላ ሰው ቆብ አይገባለትም። እናቱ ስትሠራለት በግራ በኩል ሰፋ ታደርግለታለች፤ ባዶውን ቆብ መሬት ላይ ብታስቀምጡት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ያቺ ሁሉን የምትጸየፍ ሴት የዚህን ልጅ ንፍጥ በጣቷ ነው የጠረገችው፣ ያስተረፈውን ገንፎ ከነልሃጩ በልታለታለች። በዚህ ዓለም ያልተጸየፈችው ፍጡር እሱ ብቻ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ኻሚስ ሲጎረምስ ከዐወድ ጋር ወሰኑ ላይ ወዳለው ገበያ፣ ወደ ኩርሙክ ወረደ።

ዐወድ ነጋዴ ነው። በአህያ ማርና ቡና ይዞ ይወርዳል፣ ጨውና የሱዳን ጨርቅ ይዞ ይመለሳል፤ አህያ የሚነዱለትን ጎረምሶች ከየመንደሩ ይሰበስባል። የአፄው ጦር አገሩን ከያዘ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ መንገዱ ገና አልተረጋጋም፤ ስለዚህ ጠመንጃ ያነገቡ ሰዎች አስከትሎ ነው የሚሄደው። ሐጅ ዐወድ በሉኝ ይላል፤ መካ መድረሱን እንኳ አላህ ይወቀው። የሰንደል ሽቶ እላዩ ላይ ያርከፈክፋል፣ ከሽቶው ሥር ግን ሌላ ጠረን አለ፤ የቆየ ስብ ስብ ይላል። ትምባሆ ከከንፈሩ ሥር ይወትፍና ወሬ ሲያሳምር በጥርሱ መሃል ጢቅ ያደርጋል፣ ጢቅታውም ከሰው ደጃፍ ላይ ያርፋል። ብኸይታ እሱ ቆሞ የሄደበትን አፈር በገል ዝቃ ትደፋው ነበር።

ከዚያ ጉዞ ዐወድ ተመለሰ፣ ኻሚስ አልተመለሰም።

"ኡም ኻሚስ" አላት፤ የኻሚስ እናት ማለቱ ነው። "ትኩሳት ያዘው። በዚች እጄ አጠብኩት፣ በዚች እጄ ገነዝኩት፣ በዚች እጄ አፈር አለበስኩት። ቆቡንማ ያንቺ ሥራ ነው ብዬ ከራሱ ሥር አድርጌ አብሬ ቀበርኩለት።" ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። የዐወድ እንባ ገድሞ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ልብ ይላል? ስኳር ይዞ መጥቷል። ለሰደቃው ፍየል አሳርዷል። ከለቀስተኛው ፊት ቁጭ ብሎ የሙታን ጸሎቱን፣ ፋቲሓውን፣ አንበልብሎታል። አዛኝ ቅቤ አንጓች! ብኸይታ ግን፣ ከልጄ ጋር መጨረሻ የነበረችው እጅ ይህች ናት ብላ፣ ያንን ትምባሆ የሚጠቀጥቅበትን እጁን አንስታ ሳመችው። የሰው ቅል የማትነካ ሴት! ከዚያ ወዲህ ዒድ በመጣ ቁጥር "ምንም ቢሆን ቆቡ አብሮት ነው" እያለች ትጽናናበት ነበር።

በአጥር የምትዋሰናት ሰዕዲያም ልጇ ጁምዓ እንዲሁ ከዐወድ ጋር ወርዶ ቀርቶባታል። እሱን ወንዝ ወሰደው ነው የተባለው። መርዶውን ያመጣው ያው ዐወድ፣ ስኳሩም ያው ስኳር። እንዲህ ልጅ የቀረባቸው ሌሎች እናቶችም ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ሐዘን አንድ አድርጓቸው እሳት እንኳ ይበዳደሩ ጀመር፤ ብኸይታ የሰዕዲያን ቅል ሳታጥብ የጠጣችበት ቀን መንደሩ ጉድ ብሏል።

እንግዲህ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ረመዳን እኩሌታው ላይ፣ የዐወድ ሚስት ኡምኩልሱም ቅል የሚያህል ልቃቂት ታቅፋ መጣች። ኡምኩልሱም ወልዳ አታውቅም፤ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ የማይወጣ፣ ባሏ ሲያስላት የምትስል ሴት ናት። ዐወድ አዲስ የእንግዳ አዳራሽ ሠርቷል፤ በዒድ ቀን በሬ ጥሎ መንደሩን ሊያበላ ነው፤ ከጉበኑ ላይ የምትሰቀል ከመንደሩ ጨረቃ ሁሉ የምትበልጥ፣ ሰፌድ የምታህል ጨረቃ ይፈልጋል።

"ክሩ ከኻርቱም የመጣ አዲስ ክር ነው በያት ብሎኛል" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ብኸይታ ልቃቂቱን ገና ስትነካው "ኤጭ!" አለች። ክር ሥራውን አይረሳም። አንዴ በወስፌ የተቆለፈ ክር ቢፈታም፣ ቢታጠብም፣ ጥምዝምዙ አይለቀውም፤ እንደ ተፈታ ሹሩባ ይሆናል። "ይሄ አዲስ አይደለም። ከአሮጌ ነገር ላይ የተተረተረ ነው።"

"እኔ የተሰጠኝን ነው የማመጣው፣ እህቴ" አለችና ኡምኩልሱም ቶሎ ብላ ወጣች።

ብኸይታ ስስት ነው ብላ አሰበች። ሌላ ምን ልታስብ? በሬ የሚጥል ሰውዬ፣ አዳራሽ የሚያሠራ ሰውዬ፣ ለአላህ በዓል አሮጌ ልብስ አስተርትሮ ይልካል! ያውም የማን ላብ የጠጣ ልብስ እንደሆነ ማን ያውቃል። እጅ እጅ አላት። እምቢ ልትል ፈለገች፤ ግን ልጄን የቀበረልኝ ሰው ነው ብላ ዋጠችው።

ከቀርከሃው ጥላ ሥር ተቀምጣ ጀመረች። በሌላ ጊዜ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ ነው የምታረጥበው፤ በጾም ግን ውሃ ያለበት ቅል አጠገቧ ታኖራለች። ዘንድሮስ ጾሙ በጀኝ አለች። ከዐወድ ቤት የወጣ ነገር አፌ ውስጥ ላስገባ? ሞቼ ነው!

ልቃቂቱ አንድ ወጥ ክር አልነበረም። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ላላ ተደርጎ የተፈተለ፤ ቁርጥራጩ በቋጠሮ ተያይዟል። ገና ከመጀመሪያው ፀጉር አገኘችበት፤ ጥቁር፣ ከክሩ ጋር የተጠመጠመ የሰው ፀጉር። ሰቀጠጣት። ይህች ሴት የራሷን ፀጉር ጠቅልላ ሰጠችኝ እንዴ! ዓይኗን ጨፍና በጥፍሯ ቆንጥጣ መዘዘችውና ከምድጃው አመድ ላይ ወረወረችው፤ እጇንም ታጠበች። በማግስቱ አንደኛውን ቋጠሮ አልፋ ሌላ ክር ስትጀምር ሌላ ፀጉር። ያንንም ዓይኗን ጨፍና መዝዛ ወረወረች፣ ዳግመኛም ታጠበች።

"ምን ሆነሽ ነው ቀኑን ሙሉ ኤጭ ኤጭ የምትዪው?" አለች ሰዕዲያ ከአጥሩ ወዲያ።

"ክሩ ፀጉር በፀጉር ነው! ኡምኩልሱም ራሷን የምታበጥረው በዚህ ልቃቂት ነው መሰለኝ!"

ሰዕዲያ ከት ብላ ሳቀች። ልጇ ከቀረ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምታት ስለማታውቅ ብኸይታም ደስ አላት።

የጨረቃዋ ሆድ ሞልቶ ወደ ቀንዱ ስትሻገር ሌላ ቋጠሮ መጣ። ከቋጠሮው ቀጥሎ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ ደግሞ ሌላ ፀጉር። "ኤጭ! አሁንስ በዛ!" ብላ ዓይኗን ጨፈነችና በጥፍሯ ያዘችው። አልወጣም። ጎተተችው፤ ክሩም አብሮ መጣ። ሰም ነበረበት፣ እንደ ፊተኞቹ በእጥበት ያልለቀቀ ጠንካራ ሰም፣ ከክሩ ጋር አጣብቆ የያዘው። እንግዲህ የግዷን ዓይኗን ገለጠች።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ፀጉሩ ከሥሩ ነጭ ነው፣ ጫፉ የሂና ቀይ። ኻሚስ ሊሄድ በተሰናዳበት ሳምንት ሂናዋ ወደ ጫፍ ሸሽቶ ሽበቷ ከሥር ብቅ ብሎባት ነበር፤ "እማ፣ ራስሽ እኮ ሁለት ሰው ሆነ" ብሎ የሳቀባት እሱ ነው። ያንን ፀጉር ነቅላ፣ ገምዳ፣ በሰም ያሸችው በእነዚሁ በሁለት ጣቶቿ ነው።

ከመሬት በታች መሆን የነበረበት ነገር እጇ ላይ ነበር።

ብኸይታ አልጮኸችም። መጀመሪያ ሆዷ ነው የጮኸው፤ ያደረው ገንፎ ሁሉ በአፏ ወጣ። በጾም ቀን ከቀርከሃው ሥር ተደፍታ አስታወከች። ከዚያ ነገሩ አንድ በአንድ ይገባት ጀመር። ከወሰን ወዲያ ሰው እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም። ሙስሊም መሸጥ ደግሞ ሐራም ነው፤ ገዢው "ይሄማ ወንድሜ ነው" ብሎ እንዳያፍር ሻጩ ምን ያደርጋል? ቆቡን ያወልቃል። ያወለቀውን ቆብ እንደ ሰው አይጥለውም፣ አያቃጥለውም፤ ስስታም ነዋ! ሚስቱን ያስተረትራል፣ ያሳጥባል። ከዚያ በዒድ ቀን እንግዳ ሁሉ በሥሩ ጎንበስ ብሎ እንዲገባ ጨረቃ ያሠራበታል። ያውም ለማን? ለእናቱ!

"እጁን ስሜዋለሁ" አለች ብኸይታ፣ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። "እጁን ስሜዋለሁ እኮ!" አሸዋ ዘግና ከንፈሯን ትፈትግ ጀመር። እስኪደማ ፈተገችው። ቅሉን እንደምትፈትገው አድርጋ ፈተገችው፤ ግን ከንፈር እንደ ቅል አይጠራም። የበላችው ስኳር፣ የበላችው የሰደቃ ፍየል፣ "ጀዛከላህ ሐጂ" ብላ ያመሰገነችበት ምላሷ ሁሉ ገማት። ይህ ሰው በሷ እንባ ላይ ቁጭ ብሎ የበላ ዝንብ ነው፤ እሷ ደግሞ ያንን ገንፎ ሳትደፋው ኖረች።

በዚያ ሁሉ ማስጠላት መሃል ግን አንዲት ነገር ብልጭ አለችባት፤ ትፈራትም ጀመር። ቆቡ ካልተቀበረ ልጁም አልተቀበረም። ተሽጧል፣ ተገርፏል፣ ስሙ ተቀይሯል ይሆናል፤ ግን ያ ትልቅ ራስ የሆነ ቦታ ፀሐይ እየመታው ነው። ያለ ቆብ።

ይህን ስታስብ ነው ጥቁሩ ፀጉር ትዝ ያላት።

ወዲያው ወደ ምድጃው ሮጠች። ያቺ ብኸይታ፣ ያቺ አመድ በልብሷ ጫፍ ሲነካ እንኳ የምትታጠብ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ አመዱ ውስጥ ከተተች። በእፍኝ እያወጣች በጣቶቿ መሃል አነጠረችው፤ የምንጭ ዳር ሴቶች ወርቅ እንደሚያነጥሩት። አንዷን አገኘቻት፤ ከምድጃው ጠርዝ ወድቃ ተርፋለች፣ ጥቁሯን። ሁለተኛዋን ትናንት ለማፍጠሪያ የነደደው እሳት በልቷታል። የማን እናት ፀጉር እንደነበረ፣ ጥቁር ትሁን ነጭ፣ ብኸይታ አላየችም። ዓይኗን ጨፍና ነበራ! "የኔ መጸየፍ ይጸየፈኝ" አለች፤ እዚያው አመዱ ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች።

ለምን በዚያው ቀን ወጥታ አልጮኸችም ትሉ ይሆናል። ምን ብላ ትጩህ? ዐወድ ጠመንጃ አለው፤ የአገሩ ሹም ከእሱ ገበታ ይበላል። ብቻዋን ብትጮህ "ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል" ብሎ ስኳር ይዞ ይመጣል። እንዲያውም ልቃቂቱን መልሺ ይላት ነበር። ለሰዕዲያም አልነገረቻትም። ሰዕዲያ አንጀቷ ስስ ነው፣ በአንድ ጩኸት ነገሩን ታፈርሰዋለች። ደግሞም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብኸይታ ስለ አመዱ መንገር አቃታት።

የጀመረችውን ጨረቃ ተርትራ ክሩን ወደ ልቃቂቱ መለሰችው። ከሰሙ ፀጉር አንስታ እስከሚቀጥለው ቋጠሮ ድረስ ያለውን ክር ለይታ ቆረጠችና ወስፌዋን አነሳች። ጣቶቿ ያንን ራስ ያውቁታል፤ መለካት አላስፈለጋትም። በቀኝ ጠበብ፣ በግራ ሰፋ። ከጠርዙ የመጨረሻዋን ዘለላ ስትቆልፍ ክሩ ሳይተርፍ፣ ሳያንስ፣ እጇ ላይ አለቀ። ትንሽ ጥርጣሬ ቀርቷት ከነበረ አብሮ አለቀ።

የዒድ ቀን ከሶላት በኋላ መንደሩ በዐወድ አዳራሽ ደጃፍ ተሰበሰበ። ሥጋው በእንጨት ገበታ ተከምሯል፣ ሽታው ልጆቹን አቅበዝብዟል። ዐወድ ግን ጨረቃዋ ሳትሰቀል ማንም አይግባ ብሎ ሰዉን ደጅ አቁሟል፤ መታየት ይወዳላ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶውን ተርከፍክፎ ከጉበኑ ሥር ቆሟል። ብኸይታ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዛ፣ ልቃቂቱን በብብቷ ሸጉጣ መጣች።

"እነሆ የኡም ኻሚስ እጅ!" አለ ዐወድ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "የልጄ የኻሚስ እናት፣ አላህ ይማረውና፣ ሐዘኗን ችላ ለቤቴ ሠራች!"

"ሐጂ" አለች ብኸይታ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዒድ ሲመጣ ልቤ አያርፍልኝም። ልጄን ስትቀብር ቆቡን የት አደረግኸው?"

"ስንቴ ልንገርሽ እህቴ! ከራሱ ሥር ነው። በዚች እጄ።"

"ሰው ሁሉ ይስማልኝ። ማልልኝ።"

"ወላሂል ዓዚም!" አለ ዐወድ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ። "ከራሱ ሥር አድርጌ አፈር አለበስኩት!"

ቀዩን ጨርቅ ገለጠችው። ሰፌዱ ላይ ጨረቃ የለም፤ ነጭ ቆብ ነው፣ ወደ ግራ ያዘነበለ።

"የዱባው ቆብ!" አለ ከጎረምሶቹ አንዱ፣ ሳያስበው።

ዐወድ ፊቱ ጠቆረ፣ መልሶም ሳቀ። "ምን ይደረግ፣ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል። አዲስ ሠርታ ነው እኮ!"

"አዎ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች ብኸይታ። "ክሩን የሰጠኸኝ ግን አንተ ነህ።" ከዚያ በኋላ ዞራ አላየችውም፤ ትፋት ያየች ይመስል ጀርባዋን ሰጠችው። ወደ ሴቶቹ ነው የዞረችው። "እናቶች፣ ኑ። አናቱን እዩት።"

ሴቶቹ መጡ፤ አንዷ ጎንበስ አለች፣ ሌላዋ ከትከሻዋ በላይ አየች። ከመካከለኛዋ ቀለበት ውስጥ ከሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ቀይ የሆነ ፀጉር ወጥቶ ነበር። ወንዶቹ ምንም አልገባቸውም። "ምንድን ነው? ምን አያችሁ?" አሉ ፈቂ ባቢከር፤ ሴቶቹ ግን ቆቡን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት።

ብኸይታ ልቃቂቱን ከብብቷ አውጥታ መሬት ላይ ለቀቀችው። "የቀረው ይኸው" አለች። "የኔን ወስጃለሁ።"

ልጅ የቀረባት ሁሉ ወደቀችበት። በአቧራው ላይ ተንበርክከው ይተረትሩት፣ ቋጠሮ በጥርሳቸው ይፈቱ፣ ክሩን ወደ ብርሃን ያነሱ ጀመር። አንዷ አሮጊት ለፈቂ ባቢከር በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። ሽማግሌው ሽርክ ነው አላሉም። ጫማቸውን አነሱና "ከዚህ ቤት ውሃ እንኳ ሐራም ነው" ብለው አልፈው ሄዱ። ሥጋው ከነገበታው ቀረ፤ የበላው ዝንብ ነው። ኡምኩልሱም ከአዳራሹ በር ሥር ተቀምጣ "አላወቅኩም፣ ማንም አልነገረኝም" ትል ነበር፣ ደጋግማ።

ዐወድማ ነገር ሲመጣበት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፣ ሽሽት ያውቅበታል። ሰዉ ገና ክር ሲተረትር እሱ በጓሮ ወጥቶ ወደ ወሰኑ ተሻግሯል፤ አዳራሹን ምስጥ በላው። ብኸይታም ዝናቡ ሲያባራ ቆቡን ደረቷ ውስጥ አድርጋ የኩርሙክን መንገድ ወርዳለች፤ አንዴ አይደለም፣ እግሯ እስኪደክም ድረስ። አገኘችው ወይ ትሉኛላችሁ። እኔ የማውቀው እስከሞተችበት ቀን ድረስ አንድ ሰው ስለ ኻሚስ "አላህ ይማረው" ካላት "ኤጭ! በሕይወት ላለ ሰው!" ትል እንደነበር ነው።

በዚያ የዒድ ቀን ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ልቃቂቱ ተተርትሮ አለቀ። ሰዕዲያ ክሩን ከዳር እስከ ዳር በጣቶቿ መሃል አሳለፈችው፣ መልሳም አሳለፈችው። የልጇ የጁምዓ የለም።

"የኔስ?" አለች፣ ቀና ብላ። "ብኸይታ፣ የኔስ?"

ብኸይታ አጠገቧ ተንበርክካ መዳፏን ከፈተች። ጥቁሯ ፀጉር ከነአመዷ እዚያ ነበረች።

"አንቺ ከአጥሩ ወዲያ ሆነሽ የሳቅሽባት ፀጉር ናት፤ የጣልኳት እኔ ነኝ" አለች። "ተጸይፌ። አመድ ውስጥ ወርውሬያት ነበር፣ እህቴ። ከአመድ ነው ያወጣኋት።"

ሰዕዲያ ፀጉሯን በሁለት ጣቷ አነሳቻት። የሷ ራስ አሁን ጥጥ መስሏል፤ ጁምዓ ሲሄድ ግን አንዲት ሽበት አልነበረባትም። ወደ ፀሐይ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አመዱን አላራገፈችም። ክር ሊያረጥቡ እንደሚያደርጉት ከከንፈሯ መሃል ከተተቻትና አፏን ዘግታ ያዘቻት።

ብኸይታ ፊቷን አላዞረችም።